የቅርቡ ሉቃስ

ሰኞ ነሐሴ ዐሥር ገና ጎህ ሲቀድ በሩን ከፍቼ ወደ አሸተን ማርያም ስመለከት ተራራው የለም። ጉም ውጦታል።

«ይኸው፣ ገና ሳንነሳ!» አልኩ።

ልጄ ይማርሽ ጫማዋን እያሰረች ነበር። «እማዬ፣ ጉም ነው። ነሐሴ እኮ ነው» አለችኝ ቀና ሳትል።

ነሐሴ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ስለማውቅ ነው የፈራሁት። በነሐሴ ወንዝ ይሞላል፣ ድንጋይ ይንሸራተታል፣ የፍልሰታ ጾም ስለሆነ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አንቀምስም። ከላሊበላ ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ በእግር ሄዶ በዚያው ቀን መመለስ በበጋም ቀላል አይደለም። እኛ ግን መሄድ ግድ ሆነብን፤ ግድ ያደረግሁት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይማርሽ ወልድያ አክስቷ ዘንድ ሆና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰችና ደሴ ለጤና ረዳትነት ሥልጠና ተመረጠች። ከእኛ ቀበሌ እሷ ብቻ ነች። ማስታወቂያው «ዕድሜ ከአሥራ ስምንት ዓመት ያላነሰ» ይላል። ልጄ ጳጉሜ ሲመጣ አሥራ ዘጠኝ ይሞላታል። በቀበሌው መዝገብ ግን የሚሞላት አሥራ አምስት ነው።

ቅዳሜ ዕለት የቀበሌው ጸሐፊ ጓድ ጋሻዬ መዝገቡን ወደ እኔ አዙሮ በጣቱ አሳየኝ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ የተመራጮቹ ስም ዝርዝር ማክሰኞ ከቀትር በፊት ወደ ወልድያ ይሄዳል። መዝገቡ ተሳስቷል የሚሉ ከሆነ የክርስትና እናቷን ወይም ያጠመቃትን ቄስ ምስክርነት ያምጡ። በጽሑፍ፣ በማኅተም።»

«ያስመዘገበው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ ምን እመልስ እንደነበር እንጃ። አልጠየቀኝም።

ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። በሰባ ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ መዝጋቢው ቤት ለቤት ሲዞር የጎረቤቴ የባንችይርጋ ልጅ ከተወሰደች ገና ሳምንቷ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ደብተሯን እንደያዘች ወሰዷት፤ አልተመለሰችም። ይማርሽ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ግን ደቃቃ ነበረች። መዝጋቢው «መቼ ተወለደች?» አለኝ። እውነቱን መናገር ፈራሁ፤ መዋሸትም ፈራሁ። «በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜ ስድስት» አልኩት። ውሸት የለበትም። ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በሉቃስ ብቻ ነው። ሉቃስ ግን በየአራት ዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። መዝጋቢው በሩ ላይ የቆመችውን ልጅ ከላይ እስከ ታች አያትና ለቁመቷ የሚቀርበውን ሉቃስ ቆጥሮ «ሃምሳ ዘጠኝ» ብሎ ጻፈ። ልጄ የተወለደችው በሃምሳ አምስቱ ሉቃስ ነው። ዝም አልኩ። በሐሰት አልመሰከርኩም እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ሳጽናና ኖርኩ።

አሁን ያ ብልጠቴ ተመልሶ አንገቴን ያዘኝ። «ሆን ብዬ ነው» ብል የአብዮቱን መዝገብ ያሳሳተች ተብዬ እታሰራለሁ። ያውም የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ። ስለዚህ ያሰብኩት መዝጋቢው ራሱ ተሳሳተ የሚል ምስክር ለማግኘት ነው። የይማርሽ የክርስትና እናት እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ የሚኖሩት ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ አጠገብ ነው።

አቀበቱን ስንጀምር ዝናቡ ካፊያ ነበር። ይማርሽ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ልጅት ከቅዳሜ ጀምሮ ተቆጥታኛለች፤ ንዴቷን በእግሯ ነው የምትወጣው።

«ቀስ በይ!» አልኳት።

«እውነቱን ለጋሽ ጋሻዬ ብትነግሪው ኖሮ ይሄ ሁሉ ተራራ ባላስፈለገን።»

«አዎ፣ አንቺም ለእስር ቤት ስንቅ ታመላልሺ ነበር።»

«ሁልጊዜ እስር ቤት! ሁልጊዜ ሞት!»

መቀነቴን አጥብቄ ተከተልኳት። ከተማው ከታች በጉም ተሸፍኗል። ቀዩ ድንጋይ አለቀና ጥቁሩ ጀመረ። እዚያ ላይ መንገዱ ገደል ለገደል ነው። በቀኝ በኩል ጥቁር ድንጋይ ባለ ስድስት ማዕዘን ምሰሶ እየሆነ፣ አንዱ ከአንዱ ተጣብቆ፣ እንደ ተደረደረ አጣና ቆሟል። ከምሰሶዎቹ አንዳንዱ ወደ መንገዱ ዘንበል ብሏል። ማን ይዞት እንደቆመ አላውቅም።

«ይሄ እኮ እሳተ ገሞራ ነው» አለች ይማርሽ። ማስተማር ስትጀምር ቁጣዋ ይረሳታል። «መሬቱ ተሰንጥቆ የቀለጠ ድንጋይ ፈሰሰ። ሲቀዘቅዝ እንዲህ ተሰነጣጠቀ። በላዩ ደግሞ ሌላ ፈሰሰ። ላስታ በሙሉ እንደዚህ ነው፣ ድርብርብ።»

«የምንረግጠው እሳት ነው ማለት ነው?»

«ነበር። ከጠፋ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል።»

«ማን ቆሞ አይቶ ነው መጥፋቱን ያረጋገጠ?»

ሳቀች። ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። እኔ ግን የምሬን ነበር። ከዚያ በኋላ እንፋሎት የመሰለ ጉም ከስንጥቁ ሲወጣ ባየሁ ቁጥር እርምጃዬን አፈጥናለሁ፤ ስፈጥን እንሸራተታለሁ። እርጥብ ጥቁር ድንጋይ ቅቤ የተቀባ ይመስላል። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ሁለተኛው ላይ ጉልበቴ ተላጠ። «ይኸውልሽ» አልኳት፤ ጥፋቱ የእሷ ይመስል።

አምባው ላይ ስንወጣ ነፋሱ ነጠላዬን ከራሴ ላይ ሊነጥቀኝ ደረሰ። እዚያ ደግሞ ድንጋዩ እንደ ዳቦ የተበሳሳ ነው፤ ጫማ ይበላል። የይማርሽ የግራ ጫማ ሶሉ ተላቀቀ። በመቀነቴ ጫፍ አሰርኩላት። ለደሴ ያዘጋጀሁት ጫማ እሱ ብቻ ነበር። ደሴ ብትሄድ ምን ልታደርግ ነው ስል አሰብኩ፤ አስቤም አላቆምኩም። ጤና ረዳት የሆነ ሰው የት ይመደባል? ቁስለኛ ያለበት። ቁስለኛ የት አለ? ሰሜን፣ ጦር ግንባር። ይህን ለይማርሽ አልነገርኳትም። ግን እያንዳንዱን ድንጋይ ስወጣ አንድ ክፉ ሐሳብ በጆሮዬ እንዲህ ይለኝ ነበር፦ ምስክሩን ባታገኚ ልጅሽ ቤት ትቀራለች።

ቁልቁለቱን ግማሽ ያህል እንደወረድን፣ መንገዱ ዳር አንድ የሣር ክምር የሚያህል ጥቁር ድንጋይ አለ። ከላይ ከገደሉ ተንዶ የመጣ ነው፤ የመጣበት ጠባሳ አሁንም ይታያል። ሥሩ ቁጭ ብዬ ጉልበቴን ሳሽ ይማርሽ እላዩ ላይ ወጣች።

«እማዬ፣ ጽሑፍ አለበት! በመሮ የተፈለፈለ ነው። “ውባንተ” ይላል... “ነሐሴ ሃያ አንድ”... ከዚህ በኋላ ያለውን የድንጋይ ሽበት ሸፍኖታል። ቆይ ልፋቀው።»

«ውረጂ!»

«አንድ ደቂቃ።»

«ውረጂ አልኩሽ! ከላይ የተናደ ነገር ወደ ታችም ይናዳል!»

ወረደች። ድንጋዩን በእግሯ መታ አደረገችው፤ አልተነቃነቀም። «ቤት የሚያህል ድንጋይ በእኔ ክብደት ይንከባለላል?» አለችና ጥላኝ ሄደች።

ዋሻው ጋ የደረስነው አምስት ሰዓት ሲሆን ነው። ቄስ ገብረ ሊባኖስ ከደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጠው መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። ይማርሽ ስትጠመቅም እዚሁ ያገለግሉ ነበር። መስቀል ተሳለምን፤ ደኅንነት ተጠያየቅን። ከየት እንደመጣን ስነግራቸው «በዚህ ዝናብ? ምን ገጠማችሁ?» አሉ። «እማሆይን ፈልገን ነው» አልኳቸው።

«እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ሱባኤ ላይ ናቸው። ነሐሴ ከገባ ለሰው ቃል አልተናገሩም። እስከ ዐሥራ ስድስት አይናገሩም።»

«እኛ ለነገ ነው የምንፈልገው፣ አባ!»

«ነገ ዐሥራ አንድ ነው።»

«አውቃለሁ ዐሥራ አንድ መሆኑን!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ አፈርኩ። ይቅርታ ጠይቄ ጉዳዩን ነገርኳቸው። መዝጋቢው በስህተት አራት ዓመት እንደቀነሰ፣ እሳቸው እንኳ ቢጽፉልን እንደሚበቃ። ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ።

«ልጅቱን አስታውሳታለሁ። ጳጉሜ ስድስት መወለዷን ተናግራችሁ ነበር፤ ስለዚህ ሉቃስ ነው። የትኛው ሉቃስ እንደሆነ ግን እንጃ። የሃምሳ አምስቱ ወይስ የሃምሳ ዘጠኙ? እማሆይ በሁለቱም ልጅ ክርስትና አንስተዋል። መዝገቡ ያለው ሃምሳ ዘጠኝ ነው አልሽ? እሱም ሉቃስ ነው። እንግዲህ እኔ ሉቃስ ብዬ ብጽፍ መዝገቡን ማጽናቴ ነው።»

ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። የገዛ ዘዴዬን መልሰው ነገሩኝ። እዚያች ደጃፍ ላይ ሆኜ አንድ ነገር ተሰማኝ፤ መደበቅ አልፈልግም። ቀለለኝ። የሚቻለኝን አድርጌ ነበር፣ አልሆነም፣ ልጄ ቤት ትቀራለች። ይማርሽ ፊቴን አየችው።

«ደስ አለሽ» አለች በለሆሳስ። «እማዬ፣ ደስ አለሽ እኮ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ገና ከቤት ስንወጣም እንዳይሳካ ነበር የምትፈልጊ!»

ድምፅዋ ዋሻው ውስጥ ገብቶ ተመለሰ። ያን ጊዜ ከዋሻው ጎን ያለችው የጎጆ በር ተከፈተችና እማሆይ ወጡ። ቢጫ ቆባቸው እስከ ቅንድባቸው ወርዷል። ይማርሽን አገጯን ይዘው አገላብጠው አዩዋትና ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ምንም አላሉም፤ አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ፤ ንገሪኝ ማለታቸው ነው።

«እማሆይ፣ ልጄን ያነሱበት ዓመት ጠፋብን። የሃምሳ አምስቱ ነው ብል የሚያምነኝ የለም» አልኩ።

እማሆይ ጎንበስ ብለው ከመንገዱ አንድ ጥቁር ጠጠር አነሡ። በይማርሽ መዳፍ ላይ አኖሩትና እኛ ወደመጣንበት ቁልቁለት ጠቆሙ። ከዚያ እጃቸውን በቆባቸው ላይ አድርገው ጸጉር እንደሚላጭ ሰው ከፊት ወደ ኋላ ሳቡት።

ትዝ አለኝ። የክርስትናው ዕለት ጸጉራቸው ገና ተላጭቶ፣ ጥቁር ለብሰው ነበር ልጄን የታቀፏት። ባላቸው በዚያው ክረምት ድንጋይ ተንዶበት ሞቶ ነበር። «ሐዘን ላይ ያለች ሴት ክርስትና ታነሣለች?» ብዬ ፈርቼ እናቴን ጠይቄያታለሁ።

«ውባንተ!» አሉ ቄስ ገብረ ሊባኖስ። «ባላቸው እኮ ነው! ድንጋዩ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የሞተበትን ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ።»

«በጠዋት አገኘሁት!» አለች ይማርሽ። «ዓመቱን ልፋቅ ስል...»

ዞራ አየችኝ። መሬት መሬቱን አየሁ።

እማሆይ የይማርሽን መዳፍ ጠጠሩ ላይ ጨምቀው ዘጉላትና ወደ ጎጇቸው ገቡ። ቄስ ገብረ ሊባኖስ ወረቀት፣ እስክሪብቶና ማኅተም በከረጢት ይዘው ጥላቸውን ዘርግተው አብረውን ወጡ። «የጻፍኩትን ዓመት በአፌ አልገምትም፤ ድንጋዩ ይናገር» አሉ። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል፤ በዚያ አቀበት ከእኔ ይሻላሉ።

ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ዝናቡ በረታ። ይማርሽ ልትወጣ ስትል ከለከሏት። «አንቺ ባለጉዳይ ነሽ። እናትሽም ባለጉዳይ ናት። እኔ ነኝ የማነበው።» መቋሚያቸውን ሰጡኝና ወጡ። እኔ ቁርጭምጭሚታቸውን ይዤ ከሥር ቆምኩ፤ አሁን ይወድቃሉ፣ የቄስ ደም በእጄ ይሆናል እያልኩ። ሽበቱን በቢላ ፋቁት። ዓይናቸው ስለደከመ በጣታቸው ነበር የሚያነቡት፤ የገዛ እጅ ጽሑፋቸውን ልክ እንደ ዓይነ ስውር ዳበሱት።

«ዐሥራ ዘጠኝ መቶ... ሃምሳ... አምስት። ነሐሴ ሃያ አንድ ቀን ፲፱፻፶፭። እሰይ! ልጅቱ በተወለደች በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ እማሆይ ገና አዲስ ሐዘን ላይ ነበሩ። የሩቁ ሉቃስ ነው።»

ከድንጋዩ ወረዱና ይማርሽ ጥላውን ይዛላቸው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መጻፍ ጀመሩ። እኔም «አባ፣ መዝጋቢው በስህተት መሆኑን...» አልኩ።

እስክሪብቷቸውን አነሡ። «መዝጋቢው ሲጠይቅሽ ምን አልሽው?»

«ሉቃስ አልኩት።»

«የትኛውን ሉቃስ እንደጻፈ አይተሽ ነበር?»

ይማርሽ አላገዘችኝም።

«አይቼ ነበር» አልኩ።

«እንግዲያው ስህተቱ የእሱ ብቻ አይደለም፣ ልጄ። እኔ በቤተ ክርስቲያን ማኅተም ያልሆነውን አልጽፍም።»

«አባ፣ ያስሩኛል!»

«“እናትየዋ ለልጇ ከመፍራት የተነሣ ዝም አለች” ብዬ እጽፋለሁ። ከወሰድሽው ውሰጂው፤ ከተውሽው ተዪው።» ጻፉት። በማኅተሙ ላይ እፍ ብለው መቱት። አራት እጥፍ አጥፈው ለእኔ ሰጡኝ፤ ለይማርሽ አይደለም።

በላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ተሰናበትናቸውና የመመለሻውን መንገድ ያዝን። ይማርሽ ከኋላዬ ነበረች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀደመችኝም። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ቂጣችንን ቆመን በላን።

አምባውን ወርደን ጠዋት በጠጠር የተሻገርናት ጅረት ጋ ስንደርስ ጅረት አልነበረችም። ቀይ ጎርፍ ሆናለች፤ ድንጋይ ከሥሯ ሲንከባለል ይሰማል። ጥቂት ቆመን ጎደለልን፤ ግን እስከ ጭን ነው። እጅ ለእጅ ተያያዝን። መሐል ላይ የይማርሽ የተቀደደ ጫማ ከድንጋይ መካከል ተሰነቀረ። ዘንበል አለች፤ ሳብኳት፤ እኔም ወደ ፊት ተደፋሁ። ውኃው ደረቴ ሊደርስ ሲል እጄ ያለ እኔ ፈቃድ ወደ ደረቴ ገባና ወረቀቱን አውጥቶ ከራሴ በላይ ያዘው። እንዲህ ሆኜ፣ በአንድ እጄ ልጄን፣ በአንድ እጄ መታሰሪያዬን ከፍ አድርጌ ተሻገርኩ። ማዶ ስንደርስ ጫማው ሄዷል።

«ብትለቂው ኖሮ» አለች ይማርሽ እየተንቀጠቀጠች፣ «ይረጥብ ነበር። ያልቅለት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን አልለቀቅሽውም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ነይ ነጠላውን ልበሺ፤ ሳንባሽን ልትታመሚ ነው።»

ማክሰኞ ጠዋት ለብቻዬ ቀበሌ ገባሁ፤ ይማርሽ ደጅ ቀረች። በዘንቢሌ ጋቢ፣ ዳቦ ቆሎና ሳሙና ይዣለሁ። ጓድ ጋሻዬ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ዘንቢሉን አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለእስር ቤት ነው።»

መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ዘጋና የሰባ ዓመተ ምሕረቱን መዝገብ ፊቴ ዘረጋው።

«እትዬ ደብሪቱ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። እስቲ እዚህ ላይ ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ፣ ከሃያ አምስት በታች የሆነ ሰው ፈልገው ያሳዩኝ።»

ገለጥኩ። አሥራ አንድ። ዘጠኝ። አሥራ ሁለት። አሥር፣ አሥር፣ አሥራ አንድ። ከዚያ ሠላሳ፣ አርባ። ገጽ ገለጥኩ፤ ያው ነው። የማውቃቸውን ልጆች ስም አየሁ፤ ያኔ ከእናታቸው በላይ የረዘሙትን።

«በዚያ ዓመት በዚህ ቀበሌ ጎረምሳም ኮረዳም አልነበረም» አለ ጋሻዬ። «ወንድሜንም ያገኙታል፤ አሥራ አንድ ተብሎ። ጢሙን ይላጭ ነበር እኮ!»

ልስቅ ነበር። ጣቴ ግን አንድ መስመር ላይ ቆመ። ባንችይርጋ ቤት። ልጅ፣ ሴት፣ አሥራ ስድስት ዓመት። መዝጋቢው ሲመጣ ልጅቷ ከተወሰደች ሳምንት ሆኗት ነበር። ባንችይርጋ ብቻ፣ የምትደብቀው ስላልቀረላት፣ እውነቱን ተናገረች።

ጋሻዬም ጣቴ የቆመበትን አይቶ መዝገቡን ቀስ አድርጎ ሳበው። በቀይ ቀለም ሃምሳ ዘጠኝን ሠርዞ ሃምሳ አምስት ጻፈና ፈረመ። የቄሱን ደብዳቤ አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተና ቆለፈው።

«ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይጎድላል» አለኝ። «ከቀትር በፊት።»

ወጣሁ። ይማርሽ ደጅ ላይ በእኔ አሮጌ ነጠላ ጫማ ቆማለች፤ ያቺን ጥቁር ጠጠር በጣቷ ታገላብጣለች። ፊቴን አይታ ምንም ማወቅ አልቻለችም።

«ምን አለ?»

«ፎቶግራፍ አምጡ አለ።»

ዘንቢሉን ከእጄ ነጥቃ ወደ ቤት ሮጠች። ዝናቡ ገና አባርቶ ድንጋዩ ሁሉ ያብረቀርቃል።

«ቀስ! ያንሸራትታል!» ብዬ ጮህኩ። ዞራ እንኳ አላየችኝም።